የጥቅምቱ ፎቶ

ዶክተር ናዝራዊት ኮምፒውተሩ ላይ፣ በጣቢታ ፊት ምስል ላይ የምታሰምረው ቀይ መስመር ግራ ዓይኗ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሁለት ጊዜ አጥፍታ ሁለት ጊዜ አሰመረችው። በመጨረሻ ወንበሯን አዙራ ጣቢታንና ባሏን ኤልቃናን ተመለከተች።

"ጨረሩ የሚያርፈው እኔ ባሰመርኩት ውስጥ ነው" አለች። "ካጠበብኩት በሽታው ይተርፋል፤ ካሰፋሁት ደህናው አካል አብሮ ይጎዳል። ዕጢው የት ጋ እንደሚያበቃ ግን አልታየኝም።"

"ትናንት ሲቲ ስካን ተነሳሁ እኮ፣ ዶክተር።"

"ሲቲው አጥንቱን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አፍንጫሽ ውስጥ ያለውን ዕጢና አጠገቡ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል። ይኸው፣ ግራጫው ዓይንሽ ሥር ደርሷል። ዕጢ ይሁን ፈሳሽ፣ አላውቅም።"

ኤልቃና ከሰበታ ድረስ በብብቱ ሸጉጦ ያመጣውን ፖስታ ዘረጋላት። "ኤምአርአዩስ? እሱ ይለያል ብላችሁ አይደል ያስነሳችሁን?"

ናዝራዊት ፊልሙን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ዕጢው ለብቻው፣ ፈሳሹ ለብቻው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በዕጢውና በዓይኑ መካከልም የጣት ስፋት ያህል ቦታ አለ።

"ጥሩ ፎቶ ነው። ግን የጥቅምት ነው፤ አሁን የካቲት ገባ።"

"ወረፋ ጠብቁ ያላችሁን እናንተ ናችሁ!" ኤልቃና ከወንበሩ ተነሳ። "አራት ወር ሙሉ እንደውላለን፣ እንደውላለን! ዕጢ ወረፋ ይጠብቃል?"

"አይጠብቅም" አለች ናዝራዊት ቀስ ብላ።

ጣቢታ የባሏን እጅ ይዛ አስቀመጠችው። "አዲስ ኤምአርአይ ብነሳስ?"

"የእኛው ከተበላሸ ወር አልፎታል። ሌላ ቦታ ደውዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ አሉኝ። የጨረር ተራሽ ደግሞ ሰኞ ነው። ሰኞ ካመለጠሽ ስምሽ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል።"

"በጥቅምቱ ካሰመሩልኝስ?"

"ዓይንሽ ይተርፍ ይሆናል። ዕጢው አድጎ ከሆነ ግን ያደገውን ትቼ ነው የማክምሽ።"

"በትናንቱስ?"

"የግራ ዓይንሽ ብርሃን ቀስ በቀስ ይሄዳል። ምናልባትም ዕጢ ላልሆነ ፈሳሽ ብለን።" ዶክተሯ የጣቢታን ካርድ ገለጠች። "ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ጥራት ክፍል። በሚሮጥ ጨርቅ ላይ የተበጠሰ ክር እፈልጋለሁ።"

"የጥቅምቱን እንያዝ" አለ ኤልቃና። "ጌታ ያውቃል። ቤተክርስቲያን ሁሉ ይጸልይልሻል።"

"ይጸልዩ። እኔ ግን ከጥቅምት ወዲህ ሲያመኝ የከረመውን ነገር አውቀዋለሁ።" ወደ ዶክተሯ ዞረች። "ትልቋ ልጄ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። አስፍተው ያስምሩ።"

የስምምነቱን ወረቀት ሳታነብ ፈረመች።

ወደ ሰበታ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ኤልቃና ፊቱን በጃኬቱ ሸፍኖ አለቀሰ። ከሆሳዕና ከተማ ለእንጀራ ብለው ከመጡ ወዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ጣቢታ ስልኳን አወጣችና ለጥራት ክፍሉ ኃላፊ ደወለች።

"ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ማሸጊያ ክፍል ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ነበር።"

"አዎ። ለማን አሰብሽ?"

"ለራሴ።"

"አብደሻል? እዚያ እኮ ካርቶን ማሰር ነው! እንዳንቺ ዓይን ያለው ሰውስ ከየት ላምጣ?"

ኤልቃና ጃኬቱን ከፊቱ አውርዶ ተመለከታት።

"ነገ አንድ ሰው ይስጡኝ" አለች ጣቢታ። "እስከ ቅዳሜ ላሰልጥነው።"