ሠላሳ አራት ቮልት

ሙያዬ መኪና ላይ ስፒከር መግጠም ነው። ደንበኞቼ በሙሉ አንድ በሽታ አለባቸው፤ ድምፅ አይበቃቸውም። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ቮልት መለኪያ ቴስተሬን አምፕሊፋየሩ ላይ እሰካለሁ፤ ቮልቱ ስፒከሩ የሚችለው ልክ ላይ ሲደርስ ካቻቢቴዬን እሰበስባለሁ። ቢለምኑኝም ቢቆጡኝም ንቅንቅ የለም።

አባቴ ሲለምነኝ ግን አንጀቴ አልቻለም።

አባቴ የባንድ ድራም መቺ ነበር። ጆሮው ጭራሽ መስማት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የምንለውን ከንፈራችንን እያየ ይረዳል። አንድ ቀን መኪናዬ ላይ የገጠምኩትን ትልቅ ቤዝ ስፒከር ስሞክር ከፊት ተቀምጦ ነበር። ድንገት ጀርባውን ወንበሩ ላይ ለጠፈና፣ "አንተ! መጣ እኮ!" አለ። የዘፈኑ ንዝረት በጀርባው ገብቶለታል። ጣቶቹ ጭኑን መምታት ጀመሩ።

"ጨምር!" አለኝ። ጨመርኩ።

"ጨምር እንጂ፣ ምን ትሰስታለህ!"

የስፒከሩ ልክ ሠላሳ አራት ቮልት ነው። እኔ ጉዱ አርባ ስድስት አደረስኩት። ግማሽ ዘፈን ያህል ዓለማችንን ቀጨን። ከዚያ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ የአባቴም ጣቶች ቆሙ።

"ዕቃህን አስጨረስኩህ" አለ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ብለምነውም አልሰማ አለ። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ሙዚቃ የሚባል ነገር እንዳልከፍት ከለከለኝ። በራሴ በገንኩ። የሰው ስፒከር እንደ ዓይኔ ብሌን የምጠብቅ ሰውዬ የአባቴን ደስታ አቃጥዬ ቁጭ!

ሁለተኛውን ስፒከር ስገጥም ቴስተሩን አመንኩ። ሠላሳ አራት፤ ቅንጣት አልጨመርኩም። ይልቅ ሳጥኑን ከኋላ ዕቃ መጫኛው አውጥቼ ከአባቴ ወንበር ብረት ጋር በአራት ቡሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። እህቴ አይታ፣ "አባባን ልታስፈነጥረው ነው?" አለችኝ።

አንድ ዘፈን ብቻ ብዬ ለምኜ አስገባሁት። ፊቱን ከስክሶ ተቀመጠ። ከፈትኩት። ትከሻው ተነቃነቀ፤ ቅንድቡ ተነሣ። ጨምር ሊለኝ ነው ብዬ እምቢታዬን አዘጋጀሁ።

ዓይኑን ጨፍኖ ጭኑን እየመታ ቆየ። ከዚያ ድንገት ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ጫነ።

"ቀንሰው እንጂ አንተ!" ብሎ ጮኸ። "ልታደነቁረኝ ነው?"

አለመስማቱን ረስቶታል። እሺ አባዬ ብዬ ቀነስኩለት።