የቦ-ካይ የአራት ሰዓት ኢሜይል

ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን የቦ-ካይ እናት ስልክ ጮኸ። ለሟቹ የወረቀት አበባ የሚያጥፉት ለቀስተኞች እጃቸው ባለበት ቀረ። ኢሜይሉ የመጣው ከቦ-ካይ ነው፤ ቦ-ካይ ከሞተ አራት ቀኑ።

«እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ይላል።

አንዲት ጎረቤት፣ ነፍሱ ተሰናብታ ልትሄድ የምትመጣበትን ሰባተኛውን ቀን ሳትጠብቅ ቤት ገባች ብላ አንሾካሾከች። ታናሽ እህቱ ዪ-ሹዋን ግን ኢሜይል የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩ ሥራ መሆኑ አልጠፋትም። የዶንጋንግ ከተማን ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ኢሜይል ከወንድሟ ጋር ዘጠኝ ዓመት አብረው አስተዳድረዋል። ላፕቶፗን ከፍታ፣ ሰርቨሩ የሚመራበት ትእዛዝ ከተጻፈበት ፋይል ላይ ያንን መልእክት በየቀኑ የሚልከውን መስመር አጠፋች።

በማግስቱ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ያው ጥያቄ መጣ።

ፋይሉን ደግማ አየችው። መስመሩ የለም። ገና ቤት ካለው ሬሳ ሣጥን በላይ ወዳለው የወንድሟ ፎቶ ቀና ማለት ፈራች።

ከስምንት ወር በፊት ከወንድሟ ጋር የተጣሉት በዚሁ፣ ትእዛዙ የት ይጻፍ በሚል ነበር። ቦ-ካይ ትእዛዙ ሁሉ ኢሜይሎቹ ከሚቀመጡበት ዳታቤዝ ይግባ፣ አንድ ቅጂ ከዳነ ሁሉም ይድናል ባይ ነው። እሷ ደግሞ ዳታቤዙ የተበላሸ ቀን ማን ከፍቶ ያነበዋል፣ ፋይልን ግን ማንም ያነበዋል ብላ ሞገተች።

«እኔን አታምኚኝም ማለት ነው» አላት።

«የማላምነው የተደበቀ ነገር ነው» ብላው ሥራውን ጥላ ወጣች። መታመሙን እንኳ የሰማችው ከሰው ነው።

በስድስተኛው ቀን ዳታቤዙን ከፈተች። ትእዛዙን ሁሉ ወደዚያ አዛውሮት ኖሯል፤ በፋይሉ የቀረው ቅጂ ብቻ ነው፣ ሰርቨሩ ዞር ብሎም አያየው። መስመሩን አገኘችው። አጠገቡ ማስታወሻ አለ፦ «ሐኪም ቤት ልገባ ስል የጻፍኩት። ዪ-ሹዋን ታገኘዋለች።»

ለእናቷ ሁሉን ነገረቻቸው፤ ከፈለጉ እንዳለ እንደምትተወውም ጨመረች።

«ማሽን መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ እናትየው። «እሱ በአፉ እንዲህ ተለሳልሶ ጠይቆኝ አያውቅም።» «ነገ ሰባቱ ነው። ሥራ እየሰጠነው እንዴት ይሂድ? ዝጊለት» አሏት።

ዘጋችው።

በሰባተኛው ቀን አራት ሰዓት አለፈ። ስልኩ ዝም አለ። ዪ-ሹዋን መጥታ ከእናቷ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እናትየው ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቁ።