የበሮች ሁሉ ወላጅ

በእሳት አደጋ ልምምዱ ቀን የሆስፒታሉ በሮች ሲከፈቱ የመዝገብ ቤቱ በር ግን ተቆለፈ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ አርባ ደቂቃ ከውስጥ በጡጫ ሲደበድቡት ቆዩ። ሲወጡ ድምፃቸው ተዘግቶ ስለነበር ከስድባቸው የሰማነው ግማሹን ብቻ ነው።

ኃላፊው እስከ ኮምፒውተር ክፍላችን ድረስ መጥተው፣ "ይህን ያጠፋ ሰው እስከ ምሳ ሰዓት ይታወቅ። ከምሳ በኋላ እዚህ አይሠራም" ብለው ሄዱ።

የበሮቹን ፕሮግራም የምንጽፈው የክፍሉ ሰዎች ሁለት ነን፤ እኔና ዝምተኛው። እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ቀሪው ግልጽ ነው።

ዝምተኛው ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። ሲያስል እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ነገር ሳይደብቅ አይቀርም። ያን ጠዋት ደግሞ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለውን ቶሎ ይሰውራል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ምንም፣ ጋሼ።"

"ምንም ይህን ያህል ይተየባል እንዴ?"

ፈገግ አለ። ፈገግታውንም ያዝኩበት።

ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ የመዝገብ ቤቱን በር ፋይል ከፈትኩ። በእኛ ክፍል ፋይል የጻፈ ሰው ቅጽል ስሙን አናቱ ላይ ያሰፍራል። "ዝምተኛው" ይላል። ተያዘ፣ አልኩ በሆዴ።

ዋናው ፕሮግራም ለበሮቹ ሁሉ የሚልከው አንድ ቃል ነው፦ "አደጋ!" እያንዳንዱ በር ግን በራሱ መንገድ ይመልሳል። የሕሙማኑ ክፍል ይከፈታል፤ ሰው የማይቀመጥበት የመድኃኒት መጋዘን ይቆለፋል። መጽሐፉ ፖሊሞርፊዝም ይለዋል። እኔ ያለ አስተማሪ ስለተማርኩ "ጥሪው አንድ፣ መልሱ የየራስ" እለዋለሁ።

ስለዚህ "ተቆለፍ" የሚል መስመር ፈለግሁ። የለም። ፋይሉ ሦስት መስመር ነው፦ በር ነኝ፣ ቁጥሬ ይህ ነው፣ ወላጄ "በር" የሚባለው ክላስ፣ ማለትም በሮች ሁሉ የሚቀዱበት ናሙና ነው። ስለ አደጋ ትንፍሽ አይልም፤ ልክ እንደ ጸሐፊው።

የራሱ መልስ የሌለው በር የወላጁን ይወርሳል። ወደ ወላጁ ፋይል ወጣሁ። አናቱ ላይ "ይህን ፋይል የነካ እጁ ይሰበር" ይላል። ከሥሩ የጸሐፊው ቅጽል ስም አለ፦ "መርማሪው"። የእኔ ነው። ዝቅ ብሎ፣ አደጋ ሲባል፦ ተቆለፍ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ ያስገጠመው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ በር የመድኃኒት መጋዘኑ ነበር። ወላጁን በእሱ ልክ ሰፋሁት። ከዚያ እስከ መዝገብ ቤቱ ድረስ የመጣው በር ሁሉ የራሱን መልስ ይዞ ስለመጣ ማንም ሳያውቅብኝ ቀረ። በዚህ ክፍል ጠርጥሬው የማላውቀው ሰው አንድ ራሴን ብቻ ነው።

ዝምተኛው ከኋላዬ ቆሟል።

"አይተኸው ነበር?"

"ከጠዋት ጀምሮ። ለመዝገብ ቤቱ የራሱን 'ተከፈት' ጽፌ እየሞከርኩት ነበር፤ ገና አላስገባሁትም። ወላጁን ግን አልነካሁም።"

"ለምን?"

"እጄን እፈልገዋለኋ፣ ጋሼ።"

"ለኃላፊው ለምን አልነገርክም?"

"እርስዎ ይነግሯቸዋል ብዬ።"

በምሳ ሰዓት ኃላፊው መጡ፤ እትዬ ከኋላቸው።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ኃላፊው ትኩር ብለው አዩኝ። ጥፋት በተፈጠረ ቁጥር ሌላ ሰው ስጠቁም ነው የሚያውቁኝ።

"ማንን እየሸፈንክ ነው?" አሉ።

ፋይሉን አሳየኋቸው። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ስሜንም እርግማኑንም አነበቡ።

"እጁ ይሰበር ይላል እንጂ ይባረር አይልም" አሉ በተዘጋ ድምፃቸው።

ከምሳ በኋላ ወላጁን ዝምተኛው እያየኝ በገዛ እጄ አስተካከልኩ። ኃላፊው ማባረሩን ትተውታል። ለምን እንደተዉት ግን አልገባኝም። አንድ ነገር አለ።