ሴሎቼን ማን አበላቸው?

የቆሽት ካንሰር ሴሎችን በረሃብ ልቀጣ ከተነሳሁ ስድስት ወር ሆነኝ፤ እነሱ ግን በየሳምንቱ ይወፍራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ሴሎች ደጃፋቸው ላይ ዚንክ እየጎተተ የሚያስገባ ፕሮቲን አላቸው፤ እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ «በረኛው» እንለዋለን። ጤነኛ ቆሽት ላይ ጥቂት ነው፣ ካንሰሩ ላይ ግን ተሰልፎ ነው የሚገኘው። ዚንክ ከምግባቸው ቢወጣ በረኛው የሚያስገባው ያጣል፣ ሴሎቹም መባዛት ያቅታቸዋል ብዬ ተከራክሬ ነው ሥራውን የጀመርኩት። እናቴን የወሰደብኝ ይኸው በሽታ ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቂምም አለብኝ።

አለቃችን ፕሮፌሰሩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ቆዩና፣ «እነዚህ የተራቡ አይመስሉም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከሱ ሐሳብሽ ስህተት ነው፤ እንዘጋዋለን» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ምግቡን ለካሁት፤ ዚንክ የለበትም። ሴሎቹ የሚያድጉባቸውን ሳህኖች ስለካቸው ግን ዚንክ በዚንክ ሆነዋል። አንድ ሰው ከጀርባዬ እያበላቸው ነው ማለት ነው!

መጀመሪያ የያዝኩት ባልደረባዬን ጉንፋኔን ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለሚያስነጥሰው ነው ስሙ የወጣለት፤ ለጉንፋን ይረዳል የሚባለውን የዚንክ ከረሜላ ሲመጥ ይውላል።

«ትፋው!» አልኩት።

«አሁን ገና አፌ ውስጥ ከተትኩት እኮ!»

«ትፋው አልኩህ!»

ተፋው። ሴሎቹ ግን ጭራሽ ወፈሩ። ቀጥሎ የጽዳት ሠራተኛችን የእትዬ የቆርቆሮ ባልዲ ዓይኔ ገባ፤ ቆርቆሮ የሚለበጠው በዚንክ ነዋ! ባልዲውን ቀምቼ ኮሪደሩ ላይ ወረወርኩት።

«እትዬ፣ ሥራዬን እያበላሹብኝ ነው!»

እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እኔ እዚያ ክፍል ባልዲ አስገብቼ አላውቅም። ይልቅ ሴሎችሽ የሚያድጉበትን የማሞቂያ ሳጥን እጀታ፣ ነጭ ቅባት ስጠርግ እጄ ሊወልቅ ነው። አንቺ ከነካሽው በኋላ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ለመሆኑ ምንድነው የምትቀቢው?»

«እኔ? እኔ ምንም አልቀባም! ጠዋት ልጄን ብቻ ነው...»

እጆቼን ገልብጬ አየኋቸው። ልጄ ስምንት ወሯ ነው፤ መቀመጫዋ ስለሚቆጣ ዳይፐር በቀየርኩላት ቁጥር ነጭ ቅባት እለቀልቃታለሁ። ለባሌ ደወልኩ።

«ቅባቱ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ።»

«ምን ተፈጠረ?»

«አንብብ!»

«ዚንክ ኦክሳይድ፣ አርባ በመቶ...»

ስልኩን ዘጋሁ። ታጠብኩት ያልኩት ቅባት ከእጄ ወደ ጓንቴ፣ ከጓንቴ ወደ ሳህኑ ሲሸጋገር፣ ስድስት ወር ሙሉ ጠላቶቼን በገዛ እጄ ሳጎርስ ኖሬያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ለፕሮፌሰሩ ስናዘዝ ሳቃቸውን ለማፈን መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ጉንፋኔ ግን ምንም አላፈነም።

ከዚያ በኋላ ልጃችንን የሚቀባት ባሌ ሆነ። በአሥረኛው ቀን ሴሎቹ ኩርምት ብለው አገኘኋቸው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እትዬን ይቅርታ ጠይቄ፣ እንዲያዩ ማይክሮስኮፑን ለቀቅኩላቸው።

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

«ውይ፣ አንጀት ይበላሉ» አሉ።

«ካንሰር ናቸው እኮ፣ እትዬ!»

«ቢሆኑስ? ትንሽ ነገር ጠብ ብታደርጊላቸው ምናለ?»

«እናቴን የገደሏት እንደነዚህ ያሉ ናቸው» አልኳቸው።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ተመልሰው አጎነበሱ።

«በርቺ» አሉኝ፤ «ገና አልከሱም።»