ዥጉርጉር ከዥጉርጉር

ጋሽ ደጀን ከወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ እውቀታቸው አይደለም። ከቦንጋ ወጥተው ማንኪራ ጎጆ ከቀለሱ ወዲህ፣ የመንደሩ ሰው ላም ሲገዛም ሆነ በሬ ሲሸጥ እሳቸውን ሳያማክር አይንቀሳቀስም፤ ያማከረ ደግሞ ግማሽ ቀን ማዳመጥ አለበት። ጉራቻ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ፣ ቦቃ እያሉ የከብት መልክ ሲተነትኑ ምሳቸውን እንኳ ይረሳሉ። ግድግዳቸው ላይ የእንስሳት ዘር ማሻሻያ ሥልጠና ሰርተፊኬት ተሰቅሏል። ሥልጠናው የአምስት ቀን እንደነበር የሚያስታውሳቸውን ሰው ግን አይወዱም።

ሐምሌ ላይ የየሺሃረግ ቀይ ላም ጫካው ዳር፣ የጋራ ግጦሹ ላይ ዥጉርጉር ጥጃ ወለደች። የሺሃረግ ባሏ የሞተባት፣ ከዚህች ላም በቀር ሌላ ከብት የሌላት ሴት ናት። ጎረቤቷ ተድላ ቀድሟት ደረሰና ጥጃውን ወስዶ ግቢው አሰረው። ተድላ ሦስት ዥጉርጉር ላሞች አሉት። ‹‹የእኔም ላም ዛሬ እዚያው ወልዳ ነበር። አንዱን ጥጃ ጅብ በልቶታል፤ የተረፈው የእኔ ነው›› አለ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሰብሳቢው ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

‹‹ይለቀቅና ወደ እናቱ ይሂድ! የድሮ ሰው እንዲህ አልነበር የሚፈርደው?›› አለች የሺሃረግ።

ጋሽ ደጀን በሐዘኔታ ፈገግ አሉ። ‹‹ልጄ፣ ጥጃ ምስክር አይሆንም። ይሄ ኋላ ቀር አሠራር ነው። ዥጉርጉር የሚወለደው ከዥጉርጉር ነው። ሳይንስ ነው።››

ጸሐፊው መምህር ልዑልቃል የጋሽ ደጀንን ቃል ሳያጎድል ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ፤ ጥጃው ለተድላ ተፈረደ፤ ሁሉም ፈረሙ። ከጥቅምት እስከ ጥር ከዋጫ የመጣ አንድ ዥጉርጉር ኮርማ ግጦሹን ሲያምስ እንደከረመ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጥጃ አባት እንዳለው ግን ለባለሙያው ትዝ አላላቸውም፤ ሌላውም ሰው ሳይንስን ደፍሮ አላቋረጠም።

ተድላ ላሙ እንድትልሰው ጥጃው ጀርባ ላይ ጨው እየነሰነሰ ከእሷ ጋር አላመደው። የየሺሃረግ ላም አጥሩን እየዞረች ስትጮህ ሰነበተችና ነጠፈች።

ጥቅምት ላይ የጋሽ ደጀን የራሳቸው ጥቁር ላም ወለደች። እዚያው ጫካ ዳር፣ ዥጉርጉር ጥጃ። ተድላ አሁንም ቀድሞ ደረሰ፤ የእሱን ላም ጥጃ አሁንም ጅብ በላው።

‹‹የማንኪራ ጅብ የተድላን ካልሆነ አልበላ ብሏል›› አሉ ባለቤታቸው እትዬ ሰብሌ።

ጋሽ ደጀን ተድላ ቤት ሄዱ። ‹‹ስማ፣ ቀልዱን ተውና ጥጃዬን ስጠኝ።››

‹‹ምን ቀልድ አለው ጋሽ ደጀን? ላምዎ ከሰል መስላ ዥጉርጉር ከየት አመጣች?›› ተድላ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ከኪሱ አወጣ። ‹‹እኛ እኮ በሳይንስ አምነን ነው የፈረምነው።››

እትዬ ሰብሌ ነገሩን አላለዘቡላቸውም። ‹‹ወይ ጥጃህን ተው፣ ወይ ተሳስቻለሁ በል።››

ጋሽ ደጀን በዕድሜያቸው ተሳስቻለሁ ብለው አያውቁም። ጥቁሯ ላም ግን ደጃፋቸው ቆማ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ትጮሃለች። ሐምሌ ላይ የየሺሃረግ ላምም እንዲህ ስትጮህ ሰምተው ነበር፤ ያኔ ሬዲዮናቸውን ከፍ አድርገው ነበር የተቀመጡት። አሁን ሲያስታውሱት አፈሩ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተድላ ደጅ ያለው ሜዳ ላይ ዳግም ተሰበሰቡ። ጋሽ ደጀን ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ። ተሳስቻለሁ ሊሉ ነበር አመጣጣቸው። አፋቸው ግን እምቢ አለ።

‹‹ሳይንስ ተሻሽሏል›› አሉ። ‹‹በአዲሱ መሠረት ኮርማም ድርሻ አለው። ስለዚህ ሁለቱም ጥጆች ይለቀቁ፤ ወደ እናቶቻቸው ይሂዱ።››

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ልዑልቃል ‹‹ሳይንስ ተሻሽሏል›› ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ላሞች ተነድተው መጡ፤ ተድላ እያጉረመረመ የጥጆቹን ገመድ ፈታ።

የጋሽ ደጀን ጥጃ ጥቁሯ ላም ሥር እየተንደረደረ ገባ፤ እየጠባ ጭራውን ያወናጭፋል። ጋሽ ደጀን ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

ሦስት ወር ያለፈው የየሺሃረግ ጥጃ ግን ሜዳው መሐል ቆሞ ቀረ። የሺሃረግ እየገፋች ወደ ቀይዋ ላም አቀረበችው። ላሟ ረጅም ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ ፊቷን አዞረችና ሣሯን መጋጥ ቀጠለች። ጥጃው እየጮኸ ወደ ተድላ በር ተመለሰ።

የሚስቅ ሰው ጠፋ።

‹‹የሺሃረግ፣ እኔ እኮ…›› አሉ ጋሽ ደጀን።

የሺሃረግ ባዶውን ገመድ ከመሬት አነሣች።

‹‹ጋሽ ደጀን፣ ሳይንሱ መሻሻሉን ለላሜም ይንገሯት።››