አቡጀዲው ላይ የቆመው

…አይደለም፣ ጨርቅ ላይ ያለ ሰው አያይም፣ ዓይን ቢኖረውም አያይበትም፣ ትላለች ጌጤ ለራሷ፣ ልጇ ዓለሚቱ ግን መደቡ ላይ ተቀምጣ የጭቃውን ግድግዳ ትኩር ብላ ታያለች፣ ዓይኗ አይርገበገብም፣ ገንፎው ፊቷ ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል፣ ብዪ እንጂ ልጄ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም፣ የማን አፍ ነው ይኼ።

እንዲህ የሆነችው ጣሊያን ገበያው ዳር ባለው መጋዘን ሲኒማ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በደብረ ታቦር የቅዳሜ ገበያ፣ መስኮቱን በጆንያ ደፍኖ ውስጡን ጨለማ ያደርግና ነጭ አቡጀዲ ይወጥራል፣ የሲኒማው መኪና እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፣ ልጆች እየተንጫጩ ይገባሉ፣ ሲወጡ ግን አንዱም አንዱን አይገፋም።

በመጀመሪያው ቀን፣ እማ፣ አባ እዚያ አለ፣ አለቻት። የት? ጨርቁ ላይ፣ መንገድ የሚቆፍሩት እስረኞች ሲያልፉ ከሁሉ ኋላ። ጌጤ በጥፊ ልትላት እጇን አንሥታ መለሰችው። ባሏ ፈንታሁን ሞቷል፣ ገሳይ በሚባል ቦታ፣ ጣሊያን አስሮ መንገድ ሲያስቆፍረው የተስቦ በሽታ ጣለው፣ በቅሎ ለምና ሄዳ ሬሳውን ያመጣችው እሷ፣ ፊቱን የሸፈነችው እሷ፣ አፈር የመለሰችበት እሷ። ሳይሞት ያነሡት ሥዕል ነው። ይሁን፣ ሥዕል ነው፣ ታዲያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ፣ ዛሬ መካከል ላይ ነው አለች፣ ከዚያ ደግሞ፣ ወደ ፊት መጥቷል፣ ነይ ይለኛል፣ አለች፣ ከዚያ ወዲያ ቃል ከአፏ አልወጣም። ሥዕል ቦታ ይለውጣል እንዴ።

ጎረቤቷ ሶፊያ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ወላሂ ጌጤ እቴ ወደዚያ አትስደጃት፣ የኔዎቹን ከልክያለሁ አለቻት። ከልክዬስ ምን ልስጣት? አለች ጌጤ። አጫውቻት፣ ቤትሽ እኮ ሣቅ ካየ ቆየ፣ ሐዘን ብቻ የተቀመጠበትን ቤት ልጅ ይሸሸዋል። ይህን የጠቆረ ቀሚስ ለብሼ ልጫወት? ሰው ምን ይለኛል? ሰው ይበል፣ ሰው ልጅሽን አይመልስልሽም።

አልሰማቻትም፣ ያለፈው ቅዳሜ ራሷ ገባች፣ አይቼ ልረፍ ብላ፣ ዓለሚቱን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ብርሃኑ ፈሰሰ፣ ድንጋይ የተሸከሙ ሰዎች፣ ግራጫ ሰዎች፣ ኮቴ የላቸው፣ ሳል የላቸው፣ ከሁሉም ፊት እሱ፣ ሸማውን በግራ ትከሻው ጥሎ፣ ሌሎቹ ሲያልፉ እሱ ቆሞ፣ ቀጥ ብሎ እሷን አየ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ የዓለሚቱም ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ እኩል፣ በስመ አብ፣ እኩል። ጎትታት ወጣች፣ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ከሁሉ የከፋው ግን ጌጤ ራሷ እሱን በማየቷ ደስ መሰኘቷ ነው፣ አምላኬ፣ እንዴት ደስ አላት።

ዛሬም ቅዳሜ። ጌጤ በሩን ቀርቅራለች።

ጠጠር ለቅማ መጥታ ቅልብልቦሽ ትጫወታለች፣ ብቻዋን፣ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ከመሬት፣ እጇ ረስቷል፣ ጠጠሩ ያመልጣታል፣ ልጅቱ አታይም። እንቆቅልሽ፣ ትላለች፣ ምን አውቅልሽ የሚላት የለም፣ ራሷ ትመልሳለች፣ እንደ እብድ። የበቆሎ ቆረቆንዳ አንሥታ፣ ከሐዘን ነጠላዋ ጫፍ ጭርር አድርጋ ቀድዳ፣ ትጠቀልለዋለች፣ ወገቡን በክር ታስራለች፣ ይቺ ሙሽራ ናት፣ ሚዜ ሁኛት፣ የልጅቱ እጅ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀዝቃዛው እጅ ቀስ ብሎ ሙሽራይቱን ይጨብጣል፣ ጨበጠ፣ አየሁ፣ አልተሳሳትኩም።

በይ ተደበቂ፣ እኔ ልፈልግሽ። ምሰሶው ላይ ግንባሯን ደግፋ ዓይኗን በመዳፏ ትይዛለች። ኩኩሉ! መዳፏ ውስጥ ጨለማ፣ ጨለማው ውስጥ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ እሱ፣ ሂድ፣ ኩኩሉ! የሚተነፍስ አለ፣ ከኋላዋ ነው፣ ከጎኗ፣ የልጅ ትንፋሽ ነው? ኩኩሉ!

አልነጋም።

ሻካራ ድምፅ፣ ከጉድጓድ የወጣ የሚመስል፣ ፀጉሯ ይቆማል፣ የማን ነው፣ ዓለሚቱ፣ አንቺ ነሽ? በጨዋታ መካከል ስም አይጠራም፣ እሷው አይደለች ያስተማረቻት። ያን ጊዜ ከገበያው በኩል ጡሩምባ ይነፋል፣ ሲኒማ ሊጀመር ነው፣ እግሯ ይነሣል፣ የራሷ እግር፣ ልጅቱማ ጎታው ኋላ ገብታለች፣ የጌጤ እጅ የበሩን መቀርቀሪያ ይዟል፣ አንዴ ብቻ፣ ከፊት አልፎ ዛሬ የት እንደደረሰ ለማየት ብቻ፣ ከጨርቁ ወዲህ ምን አለ፣ እኔ አለሁ እንጂ፣ ልጅቱ እዚህ ትቆይ፣ ቶሎ እመለሳለሁ፣ መቀርቀሪያው ግማሽ ወጥቷል።

ነግቷል! እማ፣ ነግቷል እኮ! ፈልጊኝ እንጂ!

ጥርት ያለ፣ የተቆጣ፣ የራሷ የዓለሚቱ ድምፅ። ጌጤ መቀርቀሪያውን መልሳ ትገፋዋለች፣ ከጎታው ጎን ትንሽ እግር ወጥቶ ይታያል፣ ያላየች ትመስላለች፣ ይቺ ልጅ ወዴት ገባች፣ አገልግሉን ከፍታ ታያለች፣ እዚህም የለችም፣ ከጎታው ኋላ የታፈነ ሣቅ ያመልጣል፣ ጡሩምባው ደግሞ ይጣራል፣ ይጣራ፣ ይጣራ እሱ፣ እኔ ልጄን እየፈለግሁ ነው።