የዱካሞ ሾትገን

ታናሽ ወንድሜ ዱካሞን ደቡብ አፍሪካ፣ ቮስሎሩስ ባለች ስፓዛ ሱቁ ውስጥ፣ ርካሽ ሾትገኑን እንደያዘ ሌቦች ገደሉት። አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰም። «ምን ዓይነት ፈሪ ነው!» እያልኩ ሬሳውን ስሰድብ ከረምኩ።

ሱቁን መልሼ ልከፍት ስነሳ፣ የዛገውን መሣሪያ ላድሰው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ፈታታሁት። አፈሙዙን ወለወልኩ፤ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ። ቫርኒሽ ልቀባው የኋላውን ላስቲክ በካቻቢቴ ሳወልቅ፣ ከሰደፉ ጉድጓድ በሞባይል ኤርታይም ካርድ ወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ብረት ወደቀች። ጥይቱን የምትመታዋ መርፌ ናት፤ ያለ እሷ መሣሪያው አይተኩስም። ለካ ራሱ አውልቆ ደብቋታል!

መሣሪያውን የገዛ ዕለት እጄን ራሱ ላይ ጭኜ ጸለይኩለትና፣ «በዚህ ነፍስ ካጠፋህ ወንድሜ አይደለህም» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ ጋሼ» አለኝ።